ውሃ ሲሸጥ የሚጎዳውን ማን ይቁጠር?

እስቲ አንድ እንቆቅልሽ ላቅርብላችሁ። አንድ ገበሬ በመስኖ የሚያለማው መሬት አለው። ከተማ መጣና «ዘንድሮ አትዝራ፣ ውሃውን ለእኔ ልቀቅልኝ፣ ዋጋውን እከፍልሃለሁ» አለው። ገበሬው ሒሳቡን አሰላ፤ ከምርቱ ከሚያገኘው ትርፍ የተሰጠው ዋጋ በለጠበት፤ ተስማማ። መሬቱ ጦም አደረ። ከተማው ውሃውን፣ ገበሬው ገንዘቡን ይዘው ተጨባብጠው ተለያዩ። ታዲያ ማን ተጎዳ?

«ማንም አልተጎዳ» ካላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም፤ የውሃ ሽያጭን የሚደግፉ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ሲሉ የኖሩት ይህንኑ ነው። እኔን የሚያጓጓኝ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው። የተጎዳ ሰው አለ የለም የሚለውን አጥንቶ የሚያቀርብ የባለሙያዎች ቡድን አቋቁሙ ብትባሉ እነማንን ትጠራላችሁ? ነገሩ የቢሮ ጣጣ ይመስላል፦ ደብዳቤ መጻፍ፣ አበል መመደብ፣ የስብሰባ አዳራሽ መያዝ። እውነቱን ለመናገር ግን የጥናቱ ውጤት ግማሽ ያህሉ የሚወሰነው እዚህ ላይ፣ ገና አንድም ቁጥር ሳይሰበሰብ ነው። ስለ አቧራ የሚያውቅ ሰው ያልተቀመጠበት ቡድን ስለ አቧራ አይጽፍም። የደበቀው ነገር ኖሮ አይደለም፤ ዓይኑ ስላልለመደው አያየውም እንጂ።

በደፈናው ከማወራ ግን ነገሩ በደንብ የታየበትን አንድ ቦታ ልውሰድ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዷቸው።)

ቦታው ኢምፔሪያል ቫሊ ይባላል፤ ካሊፎርኒያ በስተደቡብ ምሥራቅ ጥጓ ከሜክሲኮ ጋር በምትዋሰንበት በረሃ ውስጥ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚጥለው ዝናብ ስምንት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ሆኖም ወደ 200,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት በመስኖ ይለማል፤ አሜሪካኖች በክረምት የሚበሉት ሰላጣና አትክልት አብዛኛው የሚመጣው ከዚያና ከአካባቢው ነው። ውሃው በሙሉ የኮሎራዶ ወንዝ ነው። ኦል አሜሪካን በተባለ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ቦይ በስበት ብቻ እየወረደ ይደርሳል፤ ሸለቆው ከባሕር ወለል በታች ስለሆነ ፓምፕ አያስፈልገውም። ውሃውን የሚያስተዳድረው በ1911 የተመሠረተው የኢምፔሪያል መስኖ ዲስትሪክት ነው። እዚያ ውሃ የሚለካው በኤከር-ፉት ነው፤ አንዱ ኤከር-ፉት 1,233 ሜትር ኩብ ነው። ካሊፎርኒያ ከወንዙ በዓመት የሚደርሳት 4.4 ሚሊዮን ሲሆን ከዚያ ውስጥ ኢምፔሪያል ብቻውን 3.1 ሚሊዮን ይወስዳል። ከሁለት ሦስተኛው በላይ መሆኑ ነው።

በተራሮቹ ማዶ፣ በስተምዕራብ፣ ሳንዲያጎ አለች። ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ ሲቲ ሃይትስ በሚባለው ሰፈር ሱቆቻቸውና ምግብ ቤቶቻቸው ተደርድረዋል። የምነግራችሁ ታሪክ እነሱ ቡና ከሚያፈሉበት ቧንቧ ጋር የተያያዘ ነው።

ሳንዲያጎ ለረጅም ዘመን ውሃዋን በአብዛኛው የምትገዛው ከአንድ ትልቅ አቅራቢ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ድርቅ ሲመጣ ያ ጥገኝነት አስደነገጣት። ካሊፎርኒያም በጠቅላላው ከድርሻዋ በላይ፣ በዓመት ከ5 ሚሊዮን ኤከር-ፉት በላይ፣ ስትጠቀም ስለኖረች ጎረቤት ግዛቶች ማጉረምረም ጀምረው ነበር። በ1998 የሳንዲያጎ የውሃ ባለሥልጣንና የመስኖ ዲስትሪክቱ ተዋዋሉ። ከብዙ ንትርክ በኋላ፣ በጥቅምት 2003፣ ሁሉም ወገን ትልቁን ስምምነት ፈረመ። ከገበሬው ወደ ሳንዲያጎ የሚሄደው ውሃ ቀስ በቀስ አድጎ በዓመት 200,000 ኤከር-ፉት ይደርሳል፤ ወደ 250 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ማለት ነው። ውሉ ከታደሰ እስከ 75 ዓመት ይዘልቃል። በአሜሪካ ታሪክ ከእርሻ ወደ ከተማ ከተደረጉት የውሃ ዝውውሮች ትልቁ ተብሎ ነው የሚነገርለት።

አሁን ቡድናችንን እናቋቁም።

መጀመሪያ የሚጠራው ሁልጊዜ የኢኮኖሚ ባለሙያ ነው። ተገቢም ነው። ገበሬው ሲከፈለው የማይከፈላቸው ሰዎች አሉ፦ ትራክተር ነጂው፣ ድርቆሽ አሳሪው፣ ማዳበሪያና ዘር ሻጩ፣ ጋራዡ፣ ሠራተኞቹ ምሳ የሚበሉበት ቤት። ባለመሬቱና መሬቱን ተከራይቶ የሚያርሰው ሰውም አንድ አይደሉም፤ በኢምፔሪያል ደግሞ ብዙው መሬት የሚታረሰው በኪራይ ነው። በውሃ ሕግ ሰዎች አነጋገር እነዚህ ሁሉ «ሦስተኛ ወገኖች» ናቸው፤ ውሉ ላይ ፊርማቸው የለም፣ ጉዳቱ ግን ደጃቸው ይደርሳል።

ኢኮኖሚስቱ ጉዳታቸውን የሚለካው በሞዴል ነው። አንድ ዶላር ከእርሻ ሲቀር ከሱቁ፣ ከጋራዡ፣ ከትራንስፖርቱ ስንት እንደሚቀር ያሰላል። እዚህ ላይ ግን ጠጋ ብላችሁ እዩ። ሞዴሉ «እርሻ» በሚል አንድ ቃል ሁሉንም ከጠቀለለው ውጤቱ ይሳሳታል፤ ምክንያቱም ጦም የሚያድረው ሁሉም እርሻ አይደለም። ሰላጣ በእጅ ነው የሚለቀመው፤ ጎህ ሲቀድ በአውቶቡስ የሚመጡ፣ ብዙዎቹ ከድንበር ማዶ የሚሻገሩ ሠራተኞች ጎንበስ ብለው ይቆርጡታል፣ እዚያው ማሳው ላይ ያሽጉታል። ትርፉም ሥራውም ብዙ ስለሆነ ጤነኛ ገበሬ ሰላጣውን ትቶ ውሃውን አይሸጥም። የሚተወው ለከብት መኖ የሚዘራውን አልፋልፋ ነው። አልፋልፋ አንዴ ከተዘራ ለጥቂት ዓመታት ይቆያል፣ በዓመት ብዙ ጊዜ ይታጨዳል፣ ውሃ ይጠጣል ብቻ ሳይሆን ይጋታል፤ የሚያጭደውና የሚያስረው ግን ማሽን ነው። ስለዚህ አንድ ሄክታር ሰላጣ ቢቀር የሚቀረው ሥራና አንድ ሄክታር አልፋልፋ ቢቀር የሚቀረው ሥራ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ይህንን ኢኮኖሚስቱ ከመጽሐፍ አያገኘውም። አጠገቡ የሰብል ባለሙያ መቀመጥ አለበት፤ የትኛው ሰብል፣ በየትኛው አፈር፣ በየትኛው ወር እንደሚቀር የሚነግረው።

የጥናቱን ድንበር የት ላይ እናስምር የሚለውም አለ። ሸለቆው ያለበትን ካውንቲ ብቻ ካያችሁ ኪሳራ ነው። ሳንዲያጎን ጨምራችሁ ካሊፎርኒያን በሙሉ ካያችሁ ትርፍ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ስሌት ትክክል ነው! የኢምፔሪያልና የሳንዲያጎ ሰዎችም በዚህ ሲከራከሩ ኖረው፣ ጦም ያደረው መሬት በአካባቢው ኢኮኖሚ ላይ ያደረሰው ጉዳት ስንት ነው በሚለው ላይ በ2007 ነው የተስማሙት፦ ሳንዲያጎ 40 ሚሊዮን ዶላር፣ የመስኖ ዲስትሪክቱ 10 ሚሊዮን ዶላር እንዲያዋጡ። በእኔ ግምት ይህ ቁጥር ከሞዴል ይልቅ የድርድር ሽታ አለው። ድርድር መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን የጥናት ቡድን ስታቋቁሙ የምትፈልጉት አስታራቂ ሽማግሌ ነው ወይስ መርማሪ? ከመጀመሪያው ለይታችሁ እወቁት።

ወደ ሁለተኛው ወንበር እንለፍ፤ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። የመስኖ መሐንዲስና የውሃ ሳይንስ ባለሙያ ይጠራ። ጥያቄው አጭር ነው፦ «ቆጠብነው» የምትሉት ውሃ ድሮ የት ይሄድ ነበር?

አንድ የኢምፔሪያል ማሳ ላይ ቁሙና ውሃውን ተከተሉት። ከቦዩ ወደ ማሳው የሚለቅላችሁ ሰው ሳንሄሮ ይባላል፤ በፒክአፕ እየዞረ በሮቹን የሚከፍትና የሚዘጋ የዲስትሪክቱ ሠራተኛ ነው፤ የእኛ አገር የውሃ አባት ሥራ ነው የያዘው። ውሃው በፈሩ ውስጥ ይወርዳል። ከፊሉን ተክሉ ይጠጣዋል፣ ከፊሉ ይተናል። የተረፈው ከማሳው ግርጌ ወጥቶ ወይም ከመሬት በታች በተቀበሩ ቀዳዳ ቧንቧዎች ተጠራቅሞ፣ ጨዉን ከአፈሩ አጥቦ፣ ወደ ማጠንፈፊያ ቦይ ይገባል። ከቦዩስ? ወደ ሳልተን ሐይቅ። ወደ ሸለቆው ከሚገባው ውሃ በግምት ሲሶው በዚህ መንገድ ሐይቁ ውስጥ ይደርሳል።

ሐይቁ ራሱ የመስኖ ልጅ ነው። በ1905 የኮሎራዶ ወንዝ በደንብ ያልተሠራ የመስኖ መግቢያ ጥሶ ወጣና እስከ 1907 ድረስ ወደዚህ ጎድጓዳ በረሃ ፈሰሰ። ከተዘጋም በኋላ የእርሻው ትርፍ ውሃ ሐይቁን ሲመግበው ኖረ። (መተሐራ ላይ በሰቃ ሐይቅ በየጊዜው እየሰፋ አስፋልቱን ሲገፋ ያያችሁ ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም፤ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የመስኖ ትርፍ ውሃ ነው።) እንዲያውም የኢምፔሪያል ውሃ ጉዳይ መንግሥት ዘንድ የደረሰው ሐይቁ ሞልቶ ነው፤ በ1980 አንድ ገበሬ ሐይቁ መሬቴን እየዋጠብኝ ነው ብሎ አመለከተ። የካሊፎርኒያ የውሃ ሀብት ቁጥጥር ቦርድ መርምሮ በ1984 ዲስትሪክቱ ውሃ ያባክናል ሲል ወሰነ። ቆጥባችሁ ሽጡት የሚለው ሐሳብ ጉልበት ያገኘው ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። ሦስት ጀሪካን ውሃ ማሳ ላይ ፈሰሰ እንበል። ሁለቱን ተክሉና ፀሐዩ ወሰዱት፤ አንዱ ሐይቅ ገባ። መሬቱን ጦም ካሳደራችሁት ሦስቱም ጀሪካን ይተርፋችኋል፤ ሐይቁ የሚያጣው አንድ ነው። በሌላ በኩል መሬቱ ይታረስ፣ ግን ትርፉ ውሃ እንዳይፈስ በጠብታ መስኖ፣ በግርጌ ኩሬ፣ በተሻለ ቦይ ይቆጠብ ካላችሁ የሚተርፋችሁ አንድ ጀሪካን ነው፤ ሐይቁም ያንኑ አንዱን ጀሪካን ያጣል። ለሳንዲያጎ የሚላከው ውሃ እኩል ቢሆን፣ በቁጠባ የተገኘው ውሃ ሐይቁን የሚጎዳው ጦም በማደር ከተገኘው ሦስት እጥፍ ነው!

አያችሁ ወጥመዱን? ጦም ማሳደር ሐይቁን ያተርፋል፣ ሠራተኛውን ይጎዳል። ቁጠባ ሠራተኛውን ያተርፋል፣ ሐይቁን ይጎዳል። ኢኮኖሚስቱ ብቻውን ቢያጠና «ቁጠባ ይሻላል፣ ሥራ አይጠፋም» ብሎ ይጽፋል። የሐይቅ ባለሙያው ብቻውን ቢያጠና «ጦም ይደር» ይላል። ሁለቱም በየራሳቸው ሪፖርት ልክ ናቸው። ለዚህ ነው ቡድን የሚያስፈልገው። አምስት ባለሙያ አምስት ምዕራፍ ለየብቻ ጽፎ አንድ ሽፋን ቢለብስ ቡድን አይባልም። አንዱ የሌላውን ቁጥር ለራሱ ስሌት ግብዓት አድርጎ መውሰድ አለበት።

ስምምነቱም ይህን ወጥመድ ለጊዜው ያለፈበት መንገድ ነበረው። ለ15 ዓመታት፣ እስከ 2017 መጨረሻ፣ ዲስትሪክቱ የተወሰነ መሬት ጦም እያሳደረ ለሐይቁ ማካካሻ ውሃ እንዲለቅ ተደረገ። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ግዛቷ ዘላቂ መፍትሔ ትሠራለች ተባለ። ሥራው ተጓተተ። 2018 ሲገባ ማካካሻው ቆመ፣ ሐይቁ ይበልጥ ይሸሽ ጀመር፤ የተገለጠው መሬት ግን ገና አልለማም ነበር።

እንግዲህ የሥነ ሕይወት ባለሙያ ይግባ። ሳልተን ከ400 በላይ የወፍ ዝርያዎች የታዩበት፣ ሰሜንና ደቡብ የሚመላለሱ ወፎች የሚያርፉበት ቦታ ነው። ካሊፎርኒያ አብዛኛውን የተፈጥሮ ረግረጓን አጥታለች፤ ለወፎቹ የቀረላቸው ይህ ሰው ሠራሽ ማረፊያ ነው። መውጫ ስለሌለው ውሃው በተነነ ቁጥር ጨዉ ይከማቻል፤ ጨዋማነቱ ውቅያኖስን ድሮ በልጧል፣ እየጨመረም ነው። ዓሣው ሲያልቅ ዓሣ የሚበሉት ወፎች ይሄዳሉ።

ከሥነ ሕይወት ባለሙያው አጠገብ የአየር ጥራት ባለሙያና የሕዝብ ጤና ሐኪም ይቀመጡ። ሐይቁ ሲሸሽ የሚገለጠው ወለል ደቃቅ ነው፤ ነፋስ ያነሣዋል። ኢምፔሪያል ካውንቲ ልጆች በአስም ድንገተኛ ክፍል በብዛት ከሚገቡባቸው የካሊፎርኒያ ካውንቲዎች አንዱ ነው። እዚህ ጋ ግን መጠንቀቅ አለባችሁ፦ በረሃው ራሱ አቧራ አለው፣ የሚታረሰው ማሳ አቧራ አለው፣ ድንበር ላይ የሚሰለፉት የጭነት መኪናዎች ጭስ አላቸው። የትኛው ስንት እንደሆነ ለይቶ የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል፤ አለዚያ አንዱ ወገን ሁሉንም በሐይቁ ያሳብባል፣ ሌላው ከሐይቁ ምንም የለም ይላል። ብሮሊ ከተማ ላይ ኮሚቴ ሲቪኮ ዴል ቫዬ የተባለ የነዋሪዎች ድርጅት ከተመራማሪዎች ጋር ሆኖ የራሱን የአየር መለኪያዎች በሸለቆው ውስጥ ተክሏል። ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ቡድን እነዚህን ሰዎች «አስተያየት ሰጪ» ብሎ ከኋላ ወንበር ቢያስቀምጣቸው ሞኝነት ነው፤ መረጃው ያለው እነሱ እጅ ነው።

አቧራ ዘግይቶ የሚመጣ ዕዳ መሆኑን ካሊፎርኒያ ከዚህ በፊት አይታለች። ሎስ አንጀለስ የኦወንስ ሸለቆን ውሃ በቦይ መውሰድ የጀመረችው በ1913 ነው። ኦወንስ ሐይቅ በ1920ዎቹ ደረቀ፤ ወለሉ በአገሪቱ ከሚታወቁ የአቧራ ምንጮች ዋነኛው ሆነ። ከተማዋ አቧራውን የማፈን ሥራ በስፋት የጀመረችው ወደ 2000 ዓመት ገደማ ሲሆን እስካሁን ያወጣችው ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። በ1913 የውሃውን ዋጋ ያሰሉ ሰዎች ይህን መስመር አልጻፉትም።

የሚቀጥለው ወንበር ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፦ ከድንበር ማዶ የሚመጣው ሰው። ኦል አሜሪካን ቦይ ድንበሩን ታክኮ ነው የሚያልፈው፤ ለአሥርት ዓመታት አፈር ቦይ ስለነበር ውሃ ይሰርግ ነበር። የሰረገው ውሃ የት ገባ? ሜክሲኮ ውስጥ፣ በሜክሲካሊ ሸለቆ ከርሰ ምድር። የሜክሲካሊ ገበሬዎች ጉድጓድ ቆፍረው ያንን ውሃ እየሳቡ አረሱ። የስምምነቱ አንድ ክፍል 37 ኪሎ ሜትር ያህሉን በኮንክሪት መገንባት ነበር፤ በዓመት 67,700 ኤከር-ፉት «ይድናል» ተባለ። ለአሜሪካ መሐንዲስ ብክነት የነበረው ለሜክሲካሊ ገበሬ የጉድጓድ ውሃው ነው። ሜክሲካሊዎች ከአካባቢ ተቆርቋሪዎች ጋር ሆነው በ2005 ከሰሱ፤ በ2006 መጨረሻ የአሜሪካ ኮንግረስ ግንባታው እንዲቀጥል ሕግ አወጣ፣ ክሱም ፍሬ አላገኘም፤ የቦዩ ግንባታም ተጠናቀቀ። ሕጉ እንዲህ ይበል፤ የጥናት ቡድን ግን ሕግ ከሚቆምበት አልፎ ማየት ይችላል። ድንበሩ ጋ ሲደርስ እርሳሱን የሚያስቀምጥ ሪፖርት የከርሰ ምድር ውሃን አላጠናም።

የውሃ ሕግ ባለሙያም ያስፈልጋል፤ በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ስምምነቱ ራሱ ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሷል፤ በ2010 አንድ ዳኛ ውድቅ አደረገው፣ ይግባኝ ሰሚው ያንን ሻረ፣ በ2013 ጸንቶ ተፈረደለት። ማን ምን የመሸጥ መብት አለው የሚለውን ሳያውቁ ስለ ጉዳት መጻፍ አይቻልም።

ማኅበራዊ ጥናት የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከሁሉም በፊት ሸለቆው ውስጥ ገብቶ ቢሰነብት ጥሩ ነው። የኢምፔሪያል ሕዝብ አብዛኛው የሜክሲኮ ዝርያ ያለው ስፓኒሽ ተናጋሪ ነው፤ ሥራ አጥነቱ በካሊፎርኒያ ከፍተኛ ከሚባሉት ነው። የቀን ሠራተኛ ማክሰኞ ጠዋት ሆቴል አዳራሽ ተጠርቶ በእንግሊዝኛ ስላይድ እየታየ «ሐሳብህን ግለጽ» ቢባል አይመጣም፤ ቢመጣም የዕለት ደመወዙን አጥቶ ነው። አማካሪ መሐንዲሱ በሰዓት የሚከፈለው ከሆነ የሠራተኛው ሰዓትም ይከፈል። ይህ በጥናት በጀት ውስጥ ትንሿ መስመር ናት፤ ብዙ ጊዜ ግን ስትጻፍ አላይም።

ወንበሮቹ ሞሉ እንበል። ማን ሾማቸው?

ገዢው ብቻውን የቀጠረው ቡድን ጉዳቱ ትንሽ ነው ማለቱ፣ ሻጩ አካባቢ የቀጠረው ደግሞ ትልቅ ነው ማለቱ አይቀርም፤ ለዚህ መዋሸት አያስፈልግም፣ አጠራጣሪውን ቁጥር ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ማዘንበል ይበቃል። እኔን የሚያሳምነኝ አሠራር ከፋዩና መራጩ የሚለያዩበት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ካውንስል በ1992 በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ስለሚደረገው የውሃ ዝውውር ያወጣው ጥናት እንዲህ ተሠርቷል። ሕግ አዋቂ፣ ኢኮኖሚስት፣ የውሃና የአካባቢ ባለሙያ በአንድ ኮሚቴ ተቀምጠው፣ ኢምፔሪያልን ጨምሮ የተለያዩ አካባቢዎችን እየወሰዱ መረመሩ። በእንደዚህ ያለ ኮሚቴ አባላቱ ለሥራቸው ደመወዝ አይወስዱም፣ ረቂቁንም ከውጭ ያሉ ሌሎች ባለሙያዎች ይመረምሩታል። ሦስተኛ ወገኖችን የቁጥር ማሟያ ሳያደርግ የጉዳዩ መሐል ላይ ያስቀመጠ ሥራ ነው። በቅርቡም፣ ለሳልተን ሐይቅ ከባሕር ውሃ ይምጣ የሚሉ ፕሮጀክቶች ሲበዙ፣ የግዛቲቱ የውሃ መሥሪያ ቤት ራሱ ከመወሰን ይልቅ የሳንታ ክሩዝ ዩኒቨርሲቲን ገለልተኛ ጉባኤ አቋቁም አለው። ጉባኤው በ2022 ውሃ ማስመጣቱን አልደገፈም። ብዙ ሰው የጓጓለትን ነገር «አይሆንም» ለማለት የቻለው አንዱ ምክንያት፣ ከፕሮጀክቶቹ ባለቤቶች ማንም ስላልሾመው ይመስለኛል።

ከሹመቱ ያላነሰው ነገር ጊዜው ነው። መነሻ መረጃ ውሃው ከመሄዱ በፊት ካልተያዘ በኋላ የሚደረገው ክርክር መጨረሻ የለውም። በ1991 ድርቅ ላይ የካሊፎርኒያ መንግሥት የውሃ ባንክ ብሎ ከገበሬዎች 820,000 ኤከር-ፉት ያህል ገዛ፤ በ125 ዶላር ገዝቶ በ175 ሸጠ። ሥራው የሳምንታት ጥድፊያ ነበር፤ ጥናቶቹ የተከተሉት በኋላ ነው። በጠቅላላው ሲታይ በሻጭ አካባቢዎች የደረሰው ጉዳት ትንሽ፣ ግን በጥቂት ሥራዎች ላይ የተከማቸ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት ኢምፔሪያል ውስጥ ደግሞ ነጭ ዝንብ የሚሉት ተባይ ሐብሐቡንና አትክልቱን አወደመው፤ ብዙ ሠራተኛ ሥራ አጣ። እስቲ አስቡት፦ በዚያ ዓመት ውሃ ተሽጦ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ጥፋት በሽያጩ ይላከክ ነበር። «ውሃው ባይሸጥ ኖሮስ ምን ይሆን ነበር?» የሚለውን ለመመለስ ከሽያጩ በፊት ያሉ የብዙ ዓመታት የሥራ፣ የሰብል፣ የአየር፣ የጉድጓድ ልኬቶች መኖር አለባቸው። ስለዚህ ቡድኑ መቋቋም ያለበት ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው፤ ከተፈረመም በኋላ ቶሎ እንዳይበተን ሆኖ።

ውሃው በብዛት የተሸጠ ቦታ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ኮሎራዶ ውስጥ ክራውሊ ካውንቲን ይመልከት። በ1970ዎቹና 80ዎቹ ገበሬዎቹ ውሃቸውን ለሩቅ ከተሞች ሸጡ። በአንድ ወቅት ከ20,000 ሄክታር በላይ በመስኖ ይለማ ነበር፤ ዛሬ የቀረው ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም። እያንዳንዱ ሽያጭ ለብቻው ሲታይ ትንሽና ምክንያታዊ ነበር። አሜሪካኖች ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ገዝቶ ማድረቅ የሚል ስም አውጥተውለታል።

ኢምፔሪያል ደግሞ አሁንም እየቆጠበ ነው። የኮሎራዶ ወንዝ ማጠራቀሚያዎች ክፉኛ ሲጎድሉ፣ ዲስትሪክቱ በ2024 ከፌዴራል መንግሥት ጋር ተዋውሎ እስከ 2026 ድረስ እስከ 700,000 ኤከር-ፉት ሊተው ተስማማ። አንዱ ዘዴ አልፋልፋውን በበጋው ሐሩር ለሳምንታት ውሃ መከልከል ነው፤ ተክሉ ያንቀላፋል እንጂ አይሞትም፣ ገበሬውም ይከፈለዋል። ነገር ግን ጣት የምታክል ዓሣ መንገዱ ላይ ቆመች። የበረሃ ፐፕፊሽ ትባላለች፤ በሕግ ጥበቃ ሥር ያለች ዝርያ ናት፣ የምትኖረውም በእነዚያው ማጠንፈፊያ ቦዮች ውስጥ ነው። ማሳው ካልጠጣ ቦዩ አይፈስም፣ ቦዩ ካልፈሰሰ ዓሣዋ የለችም። የአካባቢ ጥናቱ ተሠርቶ ፈቃድ እስኪገኝ ፕሮግራሙ ዘገየ።

ስለዚህ ስም ዝርዝሩን ስትሞሉ ኢኮኖሚስቱን፣ የሰብል ባለሙያውን፣ የውሃ ሰውየውን፣ ሐኪሟን፣ ሕግ አዋቂውን፣ የሜክሲካሊዋን ባለሙያ፣ የብሮሊ ነዋሪዎችን ጻፉና አንድ መስመር ባዶ ተዉ። መጀመሪያ ሳንሄሮው ፒክአፕ ላይ ተሳፍራችሁ ቦዮቹን ዙሩ፤ መስመሩን የምትሞሉት ከዚያ በኋላ ነው።